የማለዳው አሥራ ሁለት፦ ስለሚሞላ ሰዓትና ስለ ስማርት ሰዓት ከሚኤሶ የተነሣ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፣ የአሰቦትን ተራራ ካለፉ በኋላ የምትገኘው ሚኤሶ፣ የመኪናው መንገድ ወደ አሰበ ተፈሪ ደጋ መውጣት የሚጀምርባት፣ ሐዲዱ ግን ከመንገዱ ተለይቶ በቆላው በኩል ወደ አፍደም የሚያቀናባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ፣ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የጉልምስና ዘመናቸውን በሽሚንደፈር (በምድር ባቡር) ሥራ ያሳለፉ አንድ አረጋዊ አጠገቤ ነበሩና፣ ስልኬ በኪሴ እያለ ለጨዋታ መክፈቻ ያህል «አባቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ የሠሪው ስም ከገጹ ላይ የደበዘዘውን፣ መስተዋቱም የተጫጫረውን የእጅ ሰዓታቸውን በአውራ ጣታቸው ወልወል አድርገው «አራት ተኩል» አሉኝ። ስልኬን ሳወጣ 10:30 ይላል። ይህን አይተው ፈገግ አሉና ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ሰዓት ቆጣሪው በአራትና በአምስት መካከል ቆሟል። ጥፍራቸውን ከእርሱ ትይዩ ወዳለው፣ በአሥርና በአሥራ አንድ መካከል ወዳለው ስፍራ አሻግረው፣ «የፈረንሳዮቹ ሰዓት እዚህ ጋ ነው፤ ወረቀታቸውን በዚህ እናነባለን፣ ምሳችንን በዚያኛው እንበላለን» አሉ።

በእኛና በአውሮጳውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ ስድስትም የአሥራ ሁለት እኩሌታ ስለሆነ፣ የአንዱ ሰዓት ዘወትር ከሌላው ትይዩ ይውላል። አረጋዊው ሁለቱን ዓለም በአንድ ገጽ ላይ አስማምተው የኖሩት በዚህ ምሥጢር ነው። እኔም የሚሞላ ሰዓት፣ ማለትም በሞላና በጥርስ የሚሠራው አሮጌው ሰዓት፣ ሁሉን በሚያውቀው በስማርት ሰዓት ዘመን ሰውን ለምን እንደሚማርክ ብዙ የተጻፈውን ባነብም፣ ከዚያች ጥፍር የበለጠ መልስ የሰጠኝ አላገኘሁም።

የተለመዱትን መልሶች አስቀድመን እንመርምር። የሚሞላው ሰዓት በትክክለኛነት ተወዳድሮ ከተሸነፈ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዛሬ በተራው ሰው ሰዓት ውስጥ እንኳ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው የድንጋይ ስንጣሪ፣ በሰከንድ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ የሚመታውን የሚሞላውን ሰዓት ልብ፣ ሚዛኑን፣ ሊተካ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው የስዊስ ሰዓት ኢንዱስትሪ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሠራተኞቹን አጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአፕል ሰዓት ገበያ ወጣ፤ የልብን ትርታ ይቈጥራል፣ መንገድ ይመራል፣ ደብዳቤ ያነባል፣ ሰዓቱንም ከሩቅ ስለሚቀበል እምብዛም አይሳሳትም። ይህ ሁሉ ሆኖም ከስዊስ ሀገር የሰዓት ወጪ ንግድ አብዛኛው ገቢ ዛሬም የሚገኘው ከሚሞሉት ሰዓቶች ነው። ስለዚህ ገዢው የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ጥበቡ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም በዚህ በከፊል እስማማለሁ። በአሰበ ተፈሪ ገበያ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ የአንድ አሮጌ ሰዓት ጀርባ ሲከፍት በትከሻው አሻግሬ ተመልክቻለሁ። ማጉያውን በአንድ ዓይኑ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ገትቶ፣ በወረንጦ የያዘውን ሚዛን ከስፍራው ሲያስቀምጠው፣ ፀጉር የምታህለው ጥምዝምዝ ሞላ አንድ ጊዜ ተኮማትራ ተዘረጋች፣ ከዚያም ሁሉ ነገር ባንድነት መምታት ጀመረ። ይህችን ጥምዝምዝ ሞላ ክርስቲያን ሆይኸንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1675 ከሚዛን ጋር አዋሕዶ ለዓለም ካቀረባት ወዲህ መሠረተ ሐሳቧ አልተለወጠም፤ ትልቁ ሞላ ኃይልን ያከማቻል፣ ጥርሶቹ ያንን ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሚዛኑም አንድ ጥርስ ባንድ ጊዜ ብቻ እንዲያልፍ እየፈቀደና እየከለከለ ዘመንን ይቈርሳል። ከዚህ ውስጥ ለዓይን የተሰወረ አንዳች ነገር የለም። ያው ሰው ስማርት ሰዓት ሲመጣለት መስተዋት ይለውጣል፣ ማሰሪያ ይቀይራል፤ ከዚያ በታች ግን እጁ አይገባም። ለማየት የሚቻል ጥበብ ከማይታየው የበለጠ ይወደዳልና ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ግን በጄኔቫም በኦሳካም እውነት ነው፤ ስለ ሚኤሶ የሚነግረን የለም።

ሦስተኛው መልስ ክብርና ውርስ ነው። ለዚህ ከእኛ ታሪክ የሚጠቀሰው ዓቢይ አብነት የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰዓት ነው፤ ፓቴክ ፊሊፕ ሠራሽ፣ ቁጥሩ 2497 የሆነ፣ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን ገጽ የሚያሳይ የወርቅ ሰዓት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቫ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ይህን ዋጋ የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከዋጋው ይልቅ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህ ዓይነት ሰዓት «ዘላለማዊ ካሌንደር» ይባላል፤ የካቲት 28 ወይም 29 መሆኑን፣ ሚያዝያ በ30፣ ግንቦት በ31 ማለቁን በውስጡ ባለው የአራት ዓመት ጥርስ ያስታውሳል፤ ግን የሚያስታውሰው የጎርጎርዮስን የካቲትና የጎርጎርዮስን ግንቦት ነው። በሰሎሞን ዙፋን የተቀመጠው ንጉሥ ክንድ ላይ የዋለው ዘላለማዊ ሰዓት ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን አያውቅም ነበር። ሰዓት ሲከብር ሁልጊዜ የባለቤቱን ዘመን ያከብራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ሚኤሶ እንመለስ። ባቡሩን ወደዚህ ያመጣው ውል በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ነው፤ ኢልግም የሰዓት ሀገር ከሆነችው ከስዊስ የመጣ መሐንዲስ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደርሶ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በመካከል ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ባንድ ሰዓት መኖር ግድ ሆነባቸው፤ በነጠላ ሐዲድ ላይ ከወዲያና ከወዲህ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ሰዓት ሲስማማ ብቻ ነውና። ያ ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ። ሆኖም ከጣቢያው በር ወጥቶ ገበያ የገባ ሰው ወዲያው ወደ ሌላው ሰዓት ይሻገር ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቈጥረው የሀገሬው ሰው ሁሉ ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነውና።

ይህ አቆጣጠር የዋዛ ልማድ አይደለም። ሚኤሶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ የቀን መጀመሪያ ብትሆን ዓመቱን ሙሉ አታሳፍርም። በዚሁ ምክንያት የስዋሂሊ ተናጋሪውም ማለዳን አንድ ሰዓት ብሎ ይጀምራል። ቱርኮችም እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ድረስ ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት እያሉ የኪስ ሰዓታቸውን በየምሽቱ ያስተካክሉ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጸሎት ጊዜያት ስም ራሱ ቁጥር ነው፤ ሠለስት ሦስት፣ ተሰዓት ዘጠኝ ማለት ነው። በአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም የሚኖር መነኩሴ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ቢያይ፣ በሠለስት ጊዜ ቆጣሪው ከሦስት ላይ፣ በተሰዓት ጊዜ ከዘጠኝ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፤ የጸሎቱ ስምና የሰዓቱ ገጽ አንድ ቃል ይናገራሉ። ስማርት ሰዓት ግን ሠለስትን 09:00፣ ተሰዓትን 15:00 ይላቸዋል፤ ስሙ ከቁጥሩ ይለያያል።

የሚሞላው ሰዓት ማራኪነት፣ ቢያንስ ለእኛ፣ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ቀን ከየት እንደሚጀምር በራሱ አሳብ የለውም። አሥራ ሁለት ቁጥርና የሚዞር ዘንግ ብቻ ነው፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ነው ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ አሥራ ሁለት ያደርገዋል፤ እርሱም ያለ ክርክር ከዚያ ይቀጥላል። አረጋዊው በየማለዳው ጸሎታቸውን ሲፈጽሙ ቁልፉን ሃያ ጊዜ ያህል ጠምዝዘው ይሞሉታል፤ ከኋላ ቀርቶ ከሆነም ያቀኑታል። «ይሄ ሰዓት እኔ የነገርኩትን ነው የሚነግረኝ» ያሉኝን ቃል በቅሬታ ሳይሆን በእርካታ ነው የተናገሩት። ስማርት ሰዓት በተቃራኒው ሰዓቱን ከሰማይ ይቀበላል፤ መንፈቀ ሌሊት የቀን መጀመሪያ መሆኑን አስቀድሞ ወስኖ ይመጣል፤ ባለቤቱ የሚጠበቅበት በልቡ ስድስት መቀነስ ነው። እኛም በየቀኑ፣ በየደቂቃው፣ ሳይታወቀን እንቀንሳለን።

ለዚህ አሳብ ተቃውሞ መቅረቡ አይቀርም፤ ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው። አንደኛው፣ ባትሪ ያለው ኳርትዝ ሰዓትም ዘንግ ካለው በፈቀዱት ሰዓት ይቀናል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከዚህ አንጻር ኳርትዙን ከሚሞላው ወገን እቈጥረዋለሁ፤ ልዩነታቸው አንዱ በየማለዳው እጅን መጠየቁ ነው። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያን ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር የሚያሳዩ መተግበሪያዎች በስልክ ላይ ይገኛሉ የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ የሠሯቸውም ወጣቶች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን መተግበሪያው ከላይ የተደረበ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆጠራ ያው የመንፈቀ ሌሊቱ ነው። ይህን ያልተረዱ ሰዎች ስልካቸውን ራሱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው በእኛ አቆጣጠር ሲያቀኑት፣ መልእክት መላላኪያው «ቀንህን አስተካክል» እያለ እንደሚከለክላቸው ያየ ሁሉ ያውቃል። መሣሪያው የባለቤቱን ማለዳ እንደ ስሕተት ቈጠረው።

ፍትሕን ላለማዛባት ግን ይህ ወቀሳ ለሁሉም የጊዜ ልክ እንደማይሠራ መናገር አለብኝ። የሰዓት ነገር ሁለት ነው፤ «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለውና «ስንት ሰዓት ፈጀ?» የሚለው። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲፈጽም፣ ያ ቁጥር በጃፓንም በሸዋም ያው ነው፤ መነሻው የሯጩ እግር እንጂ ፀሐይም መንፈቀ ሌሊትም አይደለም። በዚህ በኩል ስማርት ሰዓት ከሚሞላው እጅግ ይበልጣል፤ ለሯጭም፣ ለሕመምተኛም፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ከገለምሶና ከበዴሳ ጫቱን ለማድረስ ለሚጣደፈው ነጋዴም ይጠቅማል። የምወቅሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለ አድርጎ መምጣቱን ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አንድ ሜትር ስፋት የነበረውን አሮጌውን ሐዲድ 1.435 ሜትር ስፋት ባለው ተክቶ፣ ሚኤሶንም ከሰበታ የመጣውና ከደወሌ የመጣው ሥራ የተገጣጠሙባት ስፍራ አደረጋት። ሐዲድ ይለወጣል፤ ይህ የሚያሳዝን አይደለም። ከሐዲዱ ጋር ግን አረጋዊው በጥፍራቸው ያሳዩኝ ትይዩ ንባብ እየጠፋ ነው፤ ቁጥር ብቻ በሚያሳይ መስኮት ላይ ትይዩ የሚባል ስፍራ የለምና።

በመጨረሻ ስለ ቀን መስኮት የታዘብሁትን ላክል፤ ለሰዓት ሠሪዎቻችንና ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጣቶች የማቀርበው ልመናም እዚሁ ላይ ነው። በብዙ አባቶች እጅ የሚታየው ሴይኮ 5ም ሆነ ሌላው ሰዓት፣ ቀን የሚያሳይ ከሆነ፣ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪው ከሁለቱ አሥራ ሁለቶች በአንዱ ሲደርስ ነው። የትኛው አሥራ ሁለት እንደሚሆን የሚወስነው የሚያቀናው ሰው ስለሆነ፣ የፈለገ እንደ ሕዝቡ ልማድ ማለዳ፣ የፈለገም ዕለትን ከዋዜማ እንደምትጀምረው ቤተ ክርስቲያን ሠርክ ላይ እንዲለወጥ ማድረግ ይችላል። የሚቀረው ችግር ቀለበቱ ነው። 31 ቁጥር ስላለው፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በዓመት አምስት ጊዜ በእጅ መታረም ሲኖርበት፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ለአሥራ ሁለቱ ወሮችና ለጳጉሜን በጠቅላላው አሥራ ሦስት ጊዜ መታረም አለበት። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ ግን ቀለበቱ 30 ቢሆን፣ እርማቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጳጉሜን መጨረሻ ብቻ ይሆናል። ይኸውም ከማንኛውም የፈረንጅ ተራ ሰዓት ያነሰ ድካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በንጉሡ ሰዓት ውስጥ የነበረው የአራት ዓመት ጥርስ አይደለም፤ በ31 ጥርስ ፈንታ 30 ጥርስ ያለው አንድ ቀለበት ነው።