ፊደል መምረጥና መልስ ማወቅ፦ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በሚያገለግሉ አጋዥ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው ፈተና የአንድን ቤተ ሰብ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመዝን ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረ ወዲህ ክብደቱ በሙሉ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ዐርፏል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና አንሥቶም ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰብስበው እንዲፈተኑ፣ በመደበኛነት ለመግባትም ቢያንስ ከመቶ ሃምሳ እንዲያመጡ ተደርጓል። ውጤቱ አገርን ያስደነገጠ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ይህን ወሰን ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነዋል።

ስለዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ተብሏል። ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ክፍል መጣበብ፣ ስለ ኩረጃና ስለ መጻሕፍት እጥረት የተሰነዘሩት አስተያየቶች ሁሉ የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከእጁ የማይለየው ጽሑፍ ራሱ እምብዛም ሲመረመር አይታይም። ይህም ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰብስቦ፣ በመጨረሻው ገጽ የመልሶቹን ፊደላት ዘርዝሮ፣ በመጻሕፍት መደብርና በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው አጋዥ መጽሐፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዱን አሳታሚ ለይቶ መውቀስ አይደለም። የመጽሐፉን ዓይነት እንደ ማስተማሪያ ጽሑፍ ቆጥሮ፣ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደማያስተምር መመርመር ነው።

የመጽሐፉ ጠባይ

ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ለአንባቢው አንድ መንገድ ያሳያል። ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ይወስዳል፤ ምሳሌ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። አጋዥ መጽሐፉ ግን ከጥያቄ ይጀምርና በጥያቄ ያልቃል። በአንዱ ጥያቄና በሚቀጥለው መካከል ድልድይ የለም። የሒሳቡ ቁጥር 14 ስለ ተዋጽኦ ሲጠይቅ፣ ቁጥር 15 ስለ ክብ ይጠይቃል። ለፈተና ይህ መዘበራረቅ ተገቢ ነው፤ ፈታኙ የሚፈልገው ተማሪው ያወቀውን መለካት እንጂ ማስተማር አይደለምና። መለኪያውን እንደ ማስተማሪያ ስንገለገልበት ግን፣ እህሉን ትተን ቁናውን እንደ መዝራት ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት በመልሱ ዝርዝር ላይ ይታያል። ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ፣ ለዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጀ አንድ ቀላል የፊዚክስ ጥያቄ እንመልከት።

«አንድ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ፣ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ2 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ቢሄድ፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ሜትር በሰከንድ ይሆናል? ሀ/ 2.5 ለ/ 7 ሐ/ 10 መ/ 25»

ትክክለኛው መልስ «ሐ» ነው። «መ»ን የመረጠው ተማሪ የርቀትን ቀመር በፍጥነት ቦታ ተክቷል፤ መኪናው በ5 ሰከንድ የሚጓዘው 25 ሜትር ነውና ስሌቱ ልክ ሆኖ ጥያቄው ሌላ ሆኖበታል። «ለ»ን የመረጠው 2ንና 5ን ደምሯል። «ሀ»ን የመረጠው 5ን ለ2 አካፍሏል። የመጀመሪያው ተማሪ ሁለት ቀመሮችን የሚያውቅና ያደባለቀ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ፍጥነት መጨመር ማለት ምን እንደሆነ ገና አልገባቸውም። ሦስቱ የተለያየ ሕመም አላቸው። አጋዥ መጽሐፉ ለሦስቱም የሚሰጠው መድኃኒት ግን አንድ ፊደል ነው፤ «ሐ»።

ተማሪው ይህን ፊደል አይቶ፣ ስሕተቱን ሰርዞ ያልፋል። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ሲያገኝ «ሐ»ን ያስታውሳል፤ የገባውም ይመስለዋል። በፈተናው ቀን ጥያቄው ፍጥነቱን ትቶ ርቀቱን ቢጠይቅ፣ ወይም 5 ሰከንዱ 6 ቢሆን፣ የተሸመደደው ፊደል አያድነውም።

የአንድ ሦስተኛው ስሌት

አንዳንዶቹ አጋዥ መጻሕፍት ከዚህም አልፈው፣ መልሱን ሳያውቁ መምረጥ የሚቻልበትን ዘዴ ያስተምራሉ። ረዥሙን አማራጭ ምረጥ፤ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል የያዘውን ጣል፤ የሚመሳሰሉትን ሁለቱን ለይ፣ ከእነርሱ አንዱን አጥቁር ይላሉ። ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚረባ ለማወቅ ቀለል ያለ ስሌት ይበቃል።

አራት አራት አማራጭ ያላቸው 60 ጥያቄዎች ቀርበዋል እንበል፤ ለተሳሳተ መልስም ነጥብ አይቀነስም። 20ውን በእርግጥ የሚያውቅ፣ የቀሩትን 40 ግን እንዲሁ በግምት የሚያጠቁር ተማሪ፣ ከግምቱ በአማካይ 10 ያገኛል። ድምሩ 30 ይሆናል፤ ይህም ከመቶ ሃምሳ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከትምህርቱ አንድ ሦስተኛውን በሚገባ የሚያውቅ ተማሪ በአማካይ የማለፊያው ወሰን ላይ ይደርሳል። ስሌቱ አማካይ እንደመሆኑ ለአንዱ ሊበዛ፣ ለሌላው ሊያንስ ይችላል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን አይለወጥም።

ከዚህ ሁለት መደምደሚያዎች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የሃምሳ ከመቶ ወሰን ለሰሚው ከሚመስለው ያነሰ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። እንግዲህ ብዙኃኑ ተማሪ ያጣው ያችን አንድ ሦስተኛ መሆኑ እጅግ ሊያሳስበን ይገባል። ሁለተኛው፣ ምንም የማያውቅ ሰው በግምት የሚያገኘው በአማካይ 25 ከመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ሃምሳ ያለውን መንገድ የሚያሻግረው ዕውቀት እንጂ የአመራረጥ ብልሃት አለመሆኑ ነው። ብልሃቱ የሚጠቅመው ቀድሞ ግማሽ ዕውቀት ያለውን፣ ከአራቱ አማራጮች ሁለቱን በምክንያት መጣል የሚችለውን ተማሪ ነው። ባዶ እጁን ላለው ተማሪ ብልሃት መሸጥ ተስፋን መሸጥ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል። እንዲህ ያለው ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የተያያዘ ንባብ ነው፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚጋባ፣ ምክንያት ከውጤት ጋር እንዴት እንደሚታሰር የሚያይበት ጽሑፍ።

በአጋዥ መጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው ግን የተቆራረጠ ዐረፍተ ነገር፣ ባዶ ቦታና አራት ቃላት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ የሠለጠነ ተማሪ አንድ ሙሉ አንቀጽ በራሱ እጅ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ላይ ግን መምህሩ የሚጠይቀው የቤተ ሙከራ ዘገባ፣ የንባብ ማጠቃለያና በጽሑፍ የተደገፈ ሐሳብ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና በኋላ ወሰኑን ላላሟሉ በርካታ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የተከፈተው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሚዲያል ትምህርትም፣ በሁለተኛ ደረጃ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ ዘግይቶ የሚከፈልበት ቦታ መሆኑን ያስታውሰናል።

በዚህ ረገድ የቅኔ ቤታችን ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ሌሎች ከሠሯቸው ቅኔዎች መካከል ትክክለኛውን እንዲመርጥ አይጠየቅም። ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ከነምክንያቱ ያርመዋል። የዚያን ትምህርት ቤት ይዘት ወደ ዛሬው ክፍል እንመልስ ማለታችን አይደለም። የማወቅ ማረጋገጫው ከራስ ማውጣት መሆኑን ግን አባቶቻችን ቀድመው ተረድተውት ነበር።

ለመጽሐፉ የሚሰጥ ምስክርነት

ሂስ ፍትሐዊ ይሆን ዘንድ የመጽሐፉ ጥቅምም ሊነገር ይገባል። ከከተማ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች አንድ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ፣ አጋዥ መጽሐፉ ተማሪው የራሴ ብሎ የሚይዘው ብቸኛ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። የፈተናውን መልክ ያሳየዋል፤ ጊዜውን መመጠን ያስለምደዋል፤ ፍርሃቱንም ያቀልለታል። በትልልቅ ከተሞች የሚገኝ ባለጸጋ ወላጅ ለልጁ አስጠኚ ሲቀጥር፣ ለገበሬው ልጅ የቀረበለት አስጠኚ ይህ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ «አታንብቡት» ብሎ መከልከል ምርኩዝን ነጥቆ «ሂድ» እንደ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ፣ በጥያቄ ማጥናት በራሱ ጥሩ ዘዴ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ምንባብ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ከትዝታቸው በጽሑፍ እንዲያስታውሱት የተጠየቁት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ ይዘው ተገኝተዋል። ልብ እንበል፤ እነዚያ ተማሪዎች የጻፉት አማራጭ ሳይቀርብላቸው፣ ከራሳቸው አውጥተው ነው። ጥቅሙ የተገኘው ከማስታወስ ድካሙ እንጂ ከፊደሉ አልነበረም።

ምን ይደረግ?

በመምህራን በኩል፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ነገ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ።

ሀ/ ተማሪው አማራጮቹን በወረቀት ሸፍኖ ጥያቄውን ብቻ እንዲያነብ፣ መልሱን በደብተሩ እንዲጽፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አማራጮቹን እንዲገልጥ ማስለመድ።

ለ/ በየቀኑ ቢያንስ ለሦስት ጥያቄዎች፣ የቀሩት አማራጮች ለምን ስሕተት እንደሆኑ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ማድረግ፤ መጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ።

ሐ/ የስሕተት ደብተር ማስያዝ። ስሕተቶቹም ትምህርቱን ካለማወቅ፣ የጥያቄውን ቋንቋ ካለመረዳት ወይም ከችኮላ የመጡ መሆናቸው እየተለየ ይመዝገብ። የማጠናከሪያ ትምህርት ፕሮግራምም በዚህ መዝገብ ላይ ይመሥረት።

መ/ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አንዳንዶቹ የቆዩ ጥያቄዎች ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አይገጥሙም። መምህሩ እያመሳከረ ሊለያቸው ይገባል።

በዕቅድ አውጪዎች በኩል ደግሞ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ያለፉ ፈተናዎች ሲለቀቁ ከፊደሉ ጋር ማብራሪያ ይውጣ። በየጥያቄው ስንት ከመቶ ተፈታኝ የትኛውን አማራጭ እንደመረጠም ለትምህርት ቤቶች ቢገለጽ፣ ከላይ እንዳየነው የፊዚክስ ጥያቄ ሁሉ የአገሩ ተማሪ የት እንደሳተ ይታያል። ሁለተኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የምርጫ ጥያቄ አዘገጃጀትንና የተሳሳተ አማራጭ አተረጓጎምን በተግባር ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ወደ ምዘናው ይመለስ። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር የጽሑፍ መልስ በማእከል ማረም ብዙ አራሚ፣ ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈልግ፣ በአራሚዎች መካከልም የፍርድ ልዩነት እንደሚያስከትል አይካድም። ስለዚህ ጅማሮው በየትምህርት ቤቱ በሚያዝ የተከታታይ ምዘና ውጤት ሊሆን ይችላል። የማይፈተን ነገር ውሎ አድሮ የማይማሩት ነገር መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

የገበያው አጋዥ መጽሐፍ የእኛን ቦታ የያዘው እኛ ቦታውን ባዶ ስለተውን ነው። ማብራሪያ ያለው፣ በሥርዓተ ትምህርቱ ቅደም ተከተል የተደረደረ፣ ስሕተትን የሚያስተምር የጥያቄ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማዳረስ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ግን በየክፍሉ ያለው መምህር «መልሱ ሐ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ከማለፉ በፊት፣ «መ»ን የመረጠውን ልጅ «እንዴት አሰብከው?» ብሎ ይጠይቀው።