ብልሽትን ስለሚችል የኮምፒዩተር መረብ፤ የአንድሬ ዲሆን ንድፍ ሲመረመር

ብዙ ፕሮሰሰሮች በአንድነት የሚሠሩበት ኮምፒዩተር ፈተናው የስሌት ፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ቺፕ በአማካይ በ1,000,000 ሰዓት አንድ ጊዜ ይበላሻል ብንል፣ 10,000 ቺፖች ያሉት መሣሪያ በየ100 ሰዓቱ፣ ማለትም በአራት ቀን ገደማ፣ አንድ ብልሽት ይገጥመዋል። በእያንዳንዱ ብልሽት ሥራው የሚቋረጥ ከሆነ የመሣሪያው ትልቅነት ራሱ ጉዳት ይሆናል።

አንድሬ ዲሆን በኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ጥናት ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ሜትሮ የተባለው ራውተር ነው። ራውተሩ መልእክት ሲደርሰው፣ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ከሚያደርሱት እኩል መውጫዎች መካከል ካልተያዙት አንዱን በዕጣ ይመርጣል። ሁሉም የተያዙ እንደሆነ መልእክቱን አያከማችም፤ ይጥለዋል። ላኪው ፕሮሰሰር ግን የመድረሱ ማረጋገጫ እስኪመለስለት ድረስ ቅጂውን ይዞ ይቆያል፤ ካልተመለሰለትም ደግሞ ይልካል።

ተማሪ «ዕጣ መጣል ምሕንድስና ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ሊቆጣው አይገባም፤ ጥያቄው የነገሩ ቁልፍ ነውና። ምርጫው በማይለወጥ ደንብ ቢሆን ኖሮ፣ ድጋሚ የተላከው መልእክት ወደዚያው ወደ ተቆረጠው ሽቦ ሊመለስ ይችል ነበር። ዕጣው ሌላ መንገድ የማግኘት ዕድል ይሰጠዋል፤ ብልሽቱ የት እንዳለ ማንም ማወቅ ሳያስፈልገው። ራውተሩም መዝገብ ስለማያገላብጥና ማእከላዊ ትእዛዝ ስለማይጠብቅ ፈጣን ነው።

ነቀፌታችን ከዚሁ ይነሣል። ማንም ሳያውቀው የሚታለፍ ብልሽት ማንም የማይጠግነው ብልሽት ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ቆሞ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየዘገየ ይደክማል። ዲሆን ይህን አልዘነጋም፤ ግንኙነቱ ወደ ላኪው በሚዞርበት ጊዜ እያንዳንዱ ራውተር ስለ ሁኔታው ምልክት ስለሚመልስ፣ ስሕተቱ በየትኛው ደረጃ እንደደረሰ ለመለየት ይቻላል፤ የተበላሸውም መውጫ በመፈተሻ መስመር በኩል ይዘጋል። አንባቢ ይህን ክፍል እንደ ተጨማሪ ጉዳይ አይለፈው፤ በእኛ ግምት የንድፉ ግማሽ እርሱ ነው።

የመልእክት ብዛት ሲያይል ደግሞ እየተጣሉ የሚደገሙት መልእክቶች እስከ ተጣሉበት ደረጃ ድረስ የያዙት መንገድ ከንቱ ይቀራል። ርቀቱ ሲጨምርም ማረጋገጫው እስኪመለስ መስመሩ ተይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ንድፉ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ላለው አጭር ርቀት እንጂ ለሩቅ ግንኙነት አይስማማም። ዕጣ የሚጠቅመውም አማራጭ ሲኖር ብቻ ነው፤ ወደ አንድ ፕሮሰሰር የሚገባው ሽቦ አንድ ቢሆን ኖሮ ድግግሞሹ ሁሉ እዚያ ይሰናከል ነበር። ዲሆን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ከመረቡ ጋር ከአንድ በላይ ግንኙነት የሰጠው ስለዚህ ነው።