ክርክርና ፈጠራ በተለያየ ገጽ፦ በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል መልመጃዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው «የከተማ ኑሮ ከገጠር ኑሮ ይሻላል» የሚለውን ርእስ ወይም አንዱን ዘመዱን በእንግሊዝኛ ሳይከራከርበት አልቀረም። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ደጋፊ፣ ግማሹ ተቃዋሚ ይሆናል፤ ተራው የደረሰው ተነሥቶ የቃላት ሰንጠረዡ ባቀበለው መክፈቻ ይጀምራል፤ ደወል ሲደወል ክርክሩ ያበቃል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ መልመጃ ይመጣል፦ የተጀመረ ታሪክ ጨርሱ፣ ወይም ሥዕሉን አይታችሁ ታሪክ ጻፉ። የመጀመሪያው «ክርክር»፣ ሁለተኛው «የፈጠራ ጽሑፍ» ይባላል። ሁለቱ በተለያየ ምዕራፍ ይቀመጣሉ፤ በተለያየ መስፈርት ይታረማሉ፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

ይህ መለያየት የመጽሐፍ አደረጃጀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሥነ ልሳን ባለሙያን ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን መልመጃዎቹ የሚሰጡት በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁሉም ትምህርት ማስተማሪያ ባደረገበት ደረጃ ነው (በአንዳንድ ክልሎች ሽግግሩ ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል)። በእንግሊዝኛ መከራከርና መተረክ ያልቻለ ተማሪ ታሪክንም ሥነ ሕይወትንም መከራከርና መተረክ እንዳልቻለ ይቆጠራል። ስለዚህ መልመጃው የሚለካው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቅርብ ሲታይ የክርክሩ መልመጃ ብዙ ጊዜ ክርክር አይደለም። ርእሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማወዳደሪያ ነው፤ ከተማ ከገጠር፣ ትምህርት ከገንዘብ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከገጹ በላይ ያለው የሰዋስው ክፍል የንጽጽር ቅጽሎችን አስተምሮ ጨርሷል፤ ክርክሩ የእነርሱ ልምምድ ነው። ተማሪው «ይሻላል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ በትክክል ካለ ዓላማው ተሳክቷል። የሚያስረክበው ነገር የለም፤ ቢረታም ቢረታበትም አንድ ነው። በላ ልበልሃ የሚባለውን የቀድሞ ሙግት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። በዚያ ሙግት ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ባላጋራውን በተጠየቅ ያስራል፤ ሲያሻው በግጥም፣ ሲያሻው በምሳሌ ታሪክ ይመጣበታል። ምሳሌው የሙግቱ ጌጥ አልነበረም፤ ማስረጃን ከዳኛው ፊት የማቆሚያ መንገድ ነበር።

ክርክርና ፈጠራ የማይለያዩበት ልማድ በአማርኛ ብቻ የታጠረ አይደለም። በሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ቅብብል ብዙ ገጣሚዎች ስለ ጎሰኝነትና ስለ አገዛዝ የተሟገቱበት ነው፤ አንዱ ለሌላው የሚመልሰው ያንኑ የ«ድ» ድምፅ ፊደል መምቻ ጠብቆ ነበር። በግእዝ የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ «አንድም» እያለ የሚሄደው አንድምታ አለ፤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ሳይጥል ሌላውን ከጎኑ ያቆማል። ተማሪ ያላመነበትን ወገን ይዞ እንዲናገር ማድረግ ከውጭ የመጣ ጥበብ ነው የሚለው አስተያየት በእነዚህ ፊት ብዙ አይቆምም።

የእንግሊዝኛ መምህራን በተማሪዎቻቸው ጽሑፍ ላይ ደጋግመው ቀይ መስመር የሚያሰምሩበት አንድ ጉዳይ ይህን በትክክል ያሳያል፤ የሰው ንግግር ዘገባ ነው። አማርኛ የሌላውን ቃል ሲያቀርብ መደቡን እንዲቀይር አይገደድም። «አልማዝ ታምሜያለሁ አለች» ሲባል የታመመችው አልማዝ ናት፤ ግሡ ግን አንደኛ መደብ ነው። ይህ ተራ የጥቅስ ጉዳይ ነው እንዳይባል «ምን ግዛ እንዳለችኝ ረሳሁት» የሚለውን መመልከት ይበቃል። «ግዛ» የእርሷ ትእዛዝ ነው፤ «ምን» ግን የተናጋሪው የረሳው ነገር ጥያቄ ነው። ሁለቱ በአንድ ሐረግ ውስጥ ስለ ተዋሐዱ ጥቅሱን ከዘገባው ቆርጦ የሚያወጣ ምልክት ማስገባት አይቻልም። የአማርኛ «እኔ» ከተናጋሪው ተነሥቶ ወደ ተዘገበው ሰው መሸጋገሩ ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ወዲህ በዓለም አቀፉ የፍቺ ጥናት ውስጥ ከታወቁት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። የሚያስገርመው፣ በዩኒቨርሲቲ ሴሚናር የንድፈ ሐሳብ ፈተና ተደርጎ የሚቀርበው ያው መዋቅር በዘጠነኛ ክፍል ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ ሲወጣ «የግድየለሽነት ስሕተት» መባሉ ነው። «ሺ ቶልድ ሚ አይ አም ሲክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስሕተት መሥራቱ እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛ የታመመው ሌላ ሰው ሆኗል። ነገር ግን የሠራው ስሕተት ሥርዓት ያለው ነው፤ ሥርዓቱንም ሊያስረዳው የሚችል ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ያለው ገጽ ጥቅስን ወደ ዘገባ የመለወጥ መልመጃ ነው፤ መልመጃው ደግሞ ሁለቱ በሁሉም ቋንቋ በግልጽ የተለያዩ ናቸው ከሚል ግምት ይነሣል።

ጉዳዩ ወደ ክርክር ሲሻገር ይበልጥ ይከብዳል። በአማርኛ የሚከራከር ሰው የባላጋራውን ሐሳብ ሲያነሣ በባላጋራው አፍ ይናገራል። «ከተማ ምን ይላል? መብራት አለኝ፣ ሆስፒታል አለኝ ይላል፤ መብራቱ ሲጠፋስ ለማን ይጮኻል?» ለማሳያ የቀረበው ይህ ንግግር ለአማርኛ ሰሚ ማንን እንደሚደግፍ አንድ አፍታ አያጠራጥርም። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲወጣ ግን ገጠርን የሚደግፈው ተማሪ በድንገት «አይ ሃቭ» እያለ ስለ ከተማ ጥቅም የሚመሰክር ይመስላል፤ አራሚውም በዳርቻው «አቋምህ ግልጽ አይደለም» ብሎ ይጽፋል። አቋሙ ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልሆነው የመደቡ ባለቤት ነው፤ ለእርሱም መድኃኒቱ ሌላ ነው።

በፈጠራ ጽሑፍ በኩል ያለው ኪሳራ ያነሰ አይደለም። በአማርኛ መናገር ለሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። በሩ «አልከፈት አለ»፤ ዝናቡ «አልዘንብ አለ»፤ እንጀራው «አልወጣ አለ»። «አልከፈት» የሚለው ቅርጽ የአንደኛ መደብ የትእዛዝ አሉታ ነው፤ በሩ ራሱ «አልከፈት» ሲል የተሰማ ያህል ነው። ለዕለት ተናጋሪ ይህ የሞተ ዘይቤ ነው፤ ማንም በሩ አፍ አለው ብሎ አያስብም። ለጀማሪ ደራሲ ግን በሰዋስው ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ የታሪክ ዘር ነው። የሥዕል ታሪክ የሚጽፈው ተማሪ «በሩ ሊከፈት አልቻለም» በሚለው ደረቅ የእንግሊዝኛ አቻ ሲወሰን ይህ ዘር አይበቅልም። እምቢ የሚል በር፣ የሚሟገት በሬ፣ የሚመልስ ወንዝ ያለበት ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻፍ እንደሚቻል የነገረው የለም።

ሌላው በየደብተሩ የሚታየው ምልክት «ኤንድ ዜን» የሚለው ድግግሞሽ ነው። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ጓደኛውን አግኝቶ ትምህርት ቤት ደረሰ» የሚለው ሰንሰለት በቦዝ አንቀጾች ተደርድሮ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋል፤ የትኛው ድርጊት ዋና፣ የትኛው መዳረሻ እንደ ሆነ ሰሚው ከቅርጹ ያውቃል። እንግሊዝኛው ሁሉንም እኩል ያሰልፋል። የመጽሐፉ መፍትሔ የአያያዥ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ተማሪው ይሸመድደዋል፤ በክርክርም በታሪክም ይረጨዋል። ከዚያ የሚወጣው ጽሑፍ «ከዚህም በተጨማሪ» የሞላበት ግን የሚጨመርበት ነገር የጠፋበት ነው። ለዚህ መምህሩን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከሃምሳ በላይ ደብተር ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አያያዥ ቃል መቁጠር እንጂ የሐሳብ ተዋረድ መመርመር አይችልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ምርጫ ብቻ ነው፤ አንድ አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም።

በኬንያ ነገሩ በተቃራኒው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናው ሦስተኛ የእንግሊዝኛ ወረቀት የፈጠራ ድርሰት ይጠይቃል፤ በተሰጠ ዐረፍተ ነገር የሚጀምር ወይም የሚያበቃ ታሪክ፣ አንዳንዴም አንድን ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስረዳ ታሪክ። የመጨረሻው ትእዛዝ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምሳሌያዊ አነጋገርን በታሪክ ማስረዳት የሙግት ሥራ ነውና፣ ክርክርና ፈጠራ ሳይታወቅ በአንድ ጥያቄ ታርቀዋል። ፈተና ሲገባ ሽምደዳ መከተሉ አይቀርም፤ ቢሆንም መጻፍ የማያስጠይቅበት ሥርዓት ከዚህ ይሻላል ማለት አይቻልም።

ከመልመጃዎቹ ጀርባ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሳይጠራ የሚያልፍ አንድ ባለ ዕዳ አለው። ሮበርት ካፕላን በ1966 እ.ኤ.አ. የውጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ድርሰቶች ተነሥቶ የየባህሉን የሐሳብ አካሄድ በመስመር ሣለ፤ እንግሊዝኛ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ «ሴማዊ» የተባለው ወዲያና ወዲህ እየዞረ ሄደ። ካፕላን ራሱ በኋላ ሐሳቡን አለዝቦታል፤ ሥዕሉ ግን ከማረሚያው በላይ ተጉዟል። አማርኛና ትግርኛ በዘር ሴማዊ ስለ ሆኑ ብቻ ከዐረብኛ ድርሰቶች የተቀዳ መስመር ሲጫንባቸው ይታያል። የእርሱ ስሕተት የዘውግን ጉዳይ የአእምሮ ጉዳይ ማድረጉ ነው። ያው የአማርኛ ተናጋሪ የእድር ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲሟገት ይዞራል፤ መዞሩም ባላጋራውን ለመክበብ ነው። በዚህ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ከዘር ሐረጉ ይልቅ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 «የኢትዮጵያ የቋንቋ አካባቢ» ሲል ወደ ዘረዘራቸው የጋራ ባሕርያት ቢመለስ ይጠቅመዋል፤ የዘገባ ሐረግና «አለ» በሚል ግሥ የሚገነቡ ድርብ ግሦች ከእነርሱ መካከል ናቸው። ማውሮ ቶስኮ በ2000 እንዲህ ያለ አካባቢ መኖሩን ራሱን ተጠራጥሯል፤ ለክፍል ሥራ ግን አካባቢው ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ሶማሊኛ የሚናገረው ተማሪ ባላጋራውን በማን መደብ እንደሚያናግር መታወቁ ይቀድማል። ይህ በየቋንቋው ተለይቶ መሰብሰብ ያለበት መረጃ ነው፤ ከአማርኛ በግምት ሊዛወር አይችልም።

በእንግሊዝኛ የጻፉ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎች መንገዱን ቀድመው አሳይተዋል። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» ቤት ያቃጠለውን ሰው ለማውጣት የሚሰበሰብ የአውጫጭኝ ጉባኤ ልብ ወለድ ነው። የሐማ ቱማ በ1993 የታተመው የአጭር ልብ ወለድ መድበል በርካታ ታሪኮች በደርግ ዘመን ችሎት ውስጥ ይካሄዳሉ። ሁለቱም ዘንድ ታሪኩ የሚራመደው ሰዎች ተራ በተራ በመናገራቸው ነው፤ ክርክሩን ብታወጣው ታሪክ አይቀርም። ከእነዚህ አንዱ በእንግሊዝኛ ክፍል ቢነበብና ተማሪው የአንዱን ተሟጋች ቃል በመጀመሪያ በአፍ መፍቻው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ በጥቅስ አንድ ጊዜ በዘገባ እንዲጽፍ ቢጠየቅ፣ ከላይ የተነሡት የሰዋስው ችግሮች ሁሉ በአንድ ሥራ ይገጥሙታል፤ ሊፈታቸውም ምክንያት ይኖረዋል።

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይታለፍም። የተጠየቁ አደባባይ በአመዛኙ የወንዶችና የትልልቆች ነበር። የእንግሊዝኛው ክርክር፣ ደረቅ ቢሆንም፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተራ ይሰጣታል፤ ስሟ ተጠርቶ ትነሣለች፤ ማንም «ልጅ ነሽ፣ ዝም በይ» ሊላት ሥልጣን የለውም። ለአንዳንዷ ይህ በአደባባይ «አልስማማም» ያለችበት የመጀመሪያ ቀን ሊሆን ይችላል። ወደ ሙግት ልማድ የሚመለስ መልመጃ ይህን ቢያሳጣት ኪሳራው ከአያያዥ ቃላት ዝርዝር ይከፋል። ሴቶች የተሟገቱባቸው ዘውጎች ሌላ ቦታ ናቸው፤ አልቃሽ በሙሾ የሟችን ወገን ስትወቅስ፣ የምትፈጭ ሴት በእንጉርጉሮዋ ቤተሰቡን ስትከስስ፣ የሌላው ቃል በአንደኛ መደብ የሚገባው እዚያም ነው። ለመማሪያ መጽሐፍ ጽሑፍ የሚመርጡ ኮሚቴዎች ስለ ቃል ግጥም ሲያነሡ የሠርግና የቀረርቶ ግጥም ሲያቀርቡ ሙሾን የሚያልፉት ስለሚያሳዝን ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ግን የአካባቢው ስለታም የመልስ ዘውግ ከክፍል ውጭ ቀርቷል።