ጎማ የመጨረሻው ማርሽ ነው

አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ጋራዥ ሲመጣ «ትንሽ ከፍ ይበልልኝ፣ ጎማውም ሰፋ ይበል» ይላል። ፍላጎቱ ይገባኛል። ለዓመታት ሲያገለግል የኖረ መኪና ደልደል ብሎ ሲቆም ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ቁጥር ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ መኪናው የሚውለው የት ነው? የሚጭነውስ ምን ያህል ነው? የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮና በዲፈረንሻል አልፎ መሬት የሚነካው በጎማው ነው። ስለዚህ ጎማ የመጨረሻው ማርሽ ነው፤ የእሱን ቁመት የቀየረ ሰው ሁሉንም ማርሽ ቀይሯል።

እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ፤ ፎር ዊሉን፣ ቱርቦ የሌለው 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለውን። 205አር16 ጎማ ተገጥሞለት መጣ እንበል። የዚህ ጎማ ቁመት 735 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቱ የተመኘው ደግሞ 265/70አር16 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል፤ 16 የቸርኬው ኢንች ነው። የ265 ሰባ በመቶ 185.5 ይሆናል። የላይና የታች ጎኑን ከቸርኬው 406 ሚሊ ሜትር ጋር ስንደምር 777 ይመጣል። ጎማው ወደ 6 በመቶ አደገ ማለት ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲያሳይ የነበረው መኪና አሁን በዚያው ንባብ ወደ 106 ይሄዳል። ከመሬት ከፍ የሚለው ግን የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር።

6 በመቶ ትንሽ ይመስላል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አስቀድሞ አጥቷል። በተረፈው ላይ ሌላ 6 በመቶ ሲቀነስበት፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ይገፋዋል። ጭነት ይዞ ሽቅብ ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ይሸታል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ መኪናውን የሚይዘው ከፍሬኑ በፊት ማርሹ ነው። ጎማው ሲረዝም የሞተሩ የመያዝ ኃይል ይቀንሳል፤ ፍሬኑም ያንኑ ጎማ ለማቆም ከቀድሞው በላይ መጭመቅ አለበት። ረዥም ጎማ እንደ ረዥም ዘንግ ነው፤ ከጫፉ የሚገፋ ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ የሚገፋው ደግሞ የጭነቱ ክብደት ነው። ፍሬኑ ግን የድሮው ፍሬን ነው።

ወደ ቸርኬው እንምጣ። ሶማሌ ተራ ገብቶ ባለ ስድስት ቀዳዳ ቸርኬ ማግኘት ቀላል ነው። የሃይሉክስ ፎር ዊል፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200 እና የኒሳን ፓትሮል ቀዳዳዎች ሁሉም በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ ናቸው። ሰው ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ይገዛል። የመሐሉን ክፍተት ማየት ግን ግድ ነው። የሃይሉክስ ሞዞ 106 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ የኤል 200 ቸርኬ 67 ስለሆነ አይገባም፤ የፓትሮሉ 110 ስለሆነ ይገባል፣ ግን ሞዞው ላይ በልኩ አይቀመጥም። ዳዶውም እንደ ቸርኬው ይለያያል። የብረቱ ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል፤ ቶዮታ ከፋብሪካ የሚያወጣው የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለውን ዳዶ ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ቦታ ያሰረ ሰው ጎማው መንገድ ላይ እንዲላላ ፈርዷል።

ቸርኬው ወደ ውጭ በጣም የወጣ ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን ያልፋል፣ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ያልቃል፣ መሪውም እያንዳንዱን ጉድጓድ ለእጅ ይነግራል። ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው የፊት ባሌስትራውን ይፍቃል። የቸርኬው ስፋትም የራሱ ሕግ አለው፦ 265/70አር16 ቢያንስ 7 ኢንች ስፋት ይሻል። ድሮ የመጣበት ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎማው መሐሉ ያብጣል፣ በመሐሉ ብቻም ያልቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰፋ ያለ ጎማ ለሚፈልግና አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው 235/75አር15 በ7 ኢንች ቸርኬ እመክራለሁ። ቁመቱ 733 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ በ30 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ማርሹ አልተነካም። 16 ኢንች ላይ መቆየት ለሚፈልግ 245/70አር16 አለ፤ ቁመቱ 749፣ ልዩነቱ 2 በመቶ ብቻ፣ ቸርኬው ግን ከ6.5 ኢንች ማነስ የለበትም።

እህል ወይም ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ከስፋቱ በፊት የጭነት ቁጥሩን አነባለታለሁ። 110 የተጻፈበት አንድ ጎማ 1,060 ኪሎ ይሸከማል፤ 105 የተጻፈበት 925። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ልዩነቱ 270 ኪሎ ነው፤ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። የሚያምር የቤት መኪና ጎማ ለጭነት ፒክአፕ የማይሆነው ለዚህ ነው። በክረምት የበቾን ዋልካ ለሚያቋርጥ ደግሞ ጠባቡና ጥርሱ የተራራቀው ጎማ ይሻለዋል፤ ጭቃውን ቀዶ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋል። ሰፊው ጎማ የሚጠቅመው አሸዋ ላይ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ አራቱም እኩል ይሁኑ፣ ስኮርታውም አምስተኛ ሆኖ ይጨመር። በዚህ ሃይሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎች አስፋልት ላይ ማርሹን እርስ በርስ ያጣሉታል። በጎማው ጎን የታተሙትን የመጨረሻ አራት አኃዞችም እዩ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማም መጋዘን ውስጥ ያረጃል።

ሥራውን የሚሠራው ትንሹ መጠን ትክክለኛው መጠን ነው። ለትልቁ ጎማ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ በፍሬን ሸራ፣ በኩሽኔታና በአሞርዛተር ላይ ያዋለ ባለቤት መኪናው ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በእኩል ልብ ይሄድለታል።