ስታቲክ ናት በኮማንድ ይጻፍ

ሥራውን ገና የያዙ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ራውተሩ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ እያለው፣ አንድን ሰርቨር ከፐብሊክ አይፒ ጋር ለማያያዝ ስለምን ኮማንድ እንጽፋለን? «ኮማንድ ይፈጥናል» የሚለው የተለመደ መልስ አያሳምንም፤ ለአንድ ሰርቨር ከሆነ ገጹም አያዘገይም። የኔ ምክንያት ሌላ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ራውተሩን ኮንፊገር ያደረገውና ሲበላሽ የሚጠራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሠርቶ ተመልሷል። ለሁለተኛው የሚተርፈው ኮንፊጉ ብቻ ነው፤ ኮንፊጉ ደግሞ የሚነበብ ጽሑፍ መሆን አለበት። የነቀምቴው ባለሙያ አንድን መስመር ለጊምቢው በስልክ ያነብለታል። በየሞዴሉ ቦታውን የሚቀያይር በተንን ግን በስልክ ማሳየት አይቻልም።

ሰርቨሩ 192.168.10.5፣ የተገዛው ፐብሊክ አድራሻ 203.0.113.10 ነው እንበል። በሲስኮ ራውተር «አይፒ ናት ኢንሳይድ ሶርስ ስታቲክ» ብሎ ሁለቱን አድራሻዎች ማስከተል ለባልደረቦቼ አዲስ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ባዶውን የተጻፈ መስመር የሰርቨሩን ፖርቶች በሙሉ ለውጭ ማጋለጡ ነው። የሚፈለገው 443 ብቻ ከሆነ «ቲሲፒ» እና የፖርት ቁጥሩ በሁለቱም አድራሻ በኩል ይግባ። ለአፍሪካ የአይፒ አድራሻ የሚያከፋፍለው አፍሪኒክ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ የቀረችውን የአይፒቪ4 ክምችት እየቆነጠረ በሚያድልበት ዘመን፣ በዚህ መንገድ አንድ አድራሻ ለሁለት ለሦስት ሰርቨር ይበቃል። ሌላም አለ። በውጭው ኢንተርፌስ የሚገባውን የሚያጣራው አክሰስ ሊስት የሚሠራው ናቱ አድራሻውን ከመተርጎሙ በፊት ስለሆነ፣ የሚጻፍበት 203.0.113.10 እንጂ 192.168.10.5 አይደለም። በኮንፊግ ፋይል ውስጥ የናቱም የአክሰስ ሊስቱም መስመር አንድ ጽሑፍ ላይ ስላሉ ስሕተቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በገጹ ግን ሁለቱ በተለያየ ማውጫ ሥር ተደብቀው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ደህና ይመስላል። (ለነገሩ «ዲኤምዜድ» የሚለው በተን በአንድ ጠቅታ ሁሉንም በር ሲከፍት ተጠቃሚውን «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አይለውም።)

«ነቀምቴ ተቀምጬ የጊምቢውን ራውተር ስነካ አንዲት የተሳሳተች መስመር ከነጭራሹ ብትቆርጠኝስ?» ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ይጻፍ። ግንኙነቱ ከተቆረጠ ራውተሩ በ10 ደቂቃ ራሱን አጥፍቶ በተቀመጠው ኮንፊግ ይነሣል። ከሠራ ደግሞ «ሪሎድ ካንስል»፣ ቀጥሎም «ራይት ሜሞሪ»። ይህችን የመጨረሻዋን የዘለለ ሰው ሥራው መብራት እስኪሄድ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ መብራት ደግሞ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው ተቃውሞ ከክላውድ ወዳዶች ይመጣል፦ ሁሉንም ራውተር ከአንድ ዳሽቦርድ መምራት ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፣ ኢንተርኔት ካለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ያኔ ስታቲክ ናት ራሱ ለማንም አይጠቅምም ቢባል ልክ ነው፤ የውስጥ ኔትወርኩ ግን እንክብካቤ መፈለጉን አይተውም፣ ለዚያ የኮንሶል ገመድና ላፕቶፕ ይበቃሉ። ኮማንዱም አቅም የሚያጣበት ቦታ እንዳለ አልክድም፦ በውጭው ኢንተርፌስ የተቀበላችሁት አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አቅራቢው አንድን ፐብሊክ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያጋራ ነው፤ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ ሳይጠየቅ የሚጻፍ መስመር ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ሥራውን ጨርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ሾው ራን» ያወጣውን ጽሑፍ፣ የይለፍ ቃሎቹን አውጥታችሁ፣ አትሙና ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቡ።