በ«ጦቢያ» ታሪክ ፍጻሜ ላይ የቀረበ ሒስ

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው መጽሐፍ፣ በሁለት ጋብቻና በአንድ ሕዝብ ጥምቀት ይፈጸማል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ተረት ፍጻሜ ቈጥሮ መጽሐፉን ይዘጋል። ፍጻሜው ግን ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ ይገባዋል፤ መጽሐፉ የሰውን ዋጋ በወርቅ ሲያስቈጥር ቈይቶ፣ በመጨረሻ ዋጋ የማይቈረጥላትን ሰው ያመጣልና።

የዋሕድና የጦቢያ አባት በጦርነት ድል ሆኖ ይማረካል፤ በክብር ይኖር የነበረውም ቤት ይደኸያል። ለመቤዣ የሚሆነውን ወርቅ የሚሰጠው ዘመድ አይደለም፤ ባዕድ ነጋዴ ነው። አባት በወርቅ ነጻ ይወጣል፤ ዋሕድ ግን ያን ደግ ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ሲሄድ፣ ራሱ ተይዞ እንደ ዕቃ ይሸጣል። ቤተ ሰቡን የሰበሰበው ገንዘብ ቤተ ሰቡን መልሶ በተነው። ደራሲው በኋላ ዘመን በድሬዳዋ ነጋድራስ እንደ ሆኑ ያስታወሰ ሰው፣ የወርቅን ጠባይ እንዲህ አጥርተው መጻፋቸው አያስደንቀውም።

ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ በአረመኔው ንጉሥ እጅም ይወድቃሉ። ንጉሡ ባለ አገር፣ ባለ ጭፍራ፣ ምርኮኛን ለመግደልም ለማዳንም ሥልጣን ያለው ነው፤ ሆኖም ጦቢያን በሀብቱ ሊያገኛት አይችልም። ሊያገባት ቢወድ አምልኮቱን መተው አለበት። አባት በወርቅ ተቤዠ፤ ወንድም በገንዘብ ተሸጠ፤ እርሷን የሚያስገኝ ዋጋ ግን የለም። ስሟም የአገሪቱ ስም ነውና፣ አስተዋይ አንባቢ ነገሩን ከአንዲት ልጅ ጋብቻ አሳልፎ ያየዋል።

የፍጻሜው ድካምም ከዚያው ይነሣል። ንጉሡ ያመነው ትምህርት ሰምቶ ነውን፣ ወይስ ውበት አይቶ? ሕዝቡስ ንጉሡን ተከትሎ ሲጠመቅ ማን አስተማረው? የኢዛና ማመን ሲነገር፣ ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት የኖረባቸው ዓመታት አብረው ይነገራሉ። በ«ጦቢያ» ግን ፍቅር የመምህሩን ሥራ ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ይህም ችኰላ ነው።

የላስታ ሰው ስለ ተሰደደ ዘመድ ሌላ ታሪክ ያውቃል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከአጎቱ ፊት ሸሽቶ ኖረ፤ በኋላም ነግሦ፣ ክህነትን ከንግሥና ጋር ይዞ፣ በዋሻው ውስጥ እንጨትና ልስን ድንጋይ የተደራረበበትን ቤተ ክርስቲያን አሠራ ይባላል። የስደተኛው መንግሥት ምን እንዳፈራ ዛሬም ዓይን ያየዋል። የ«ጦቢያ» አንባቢ ግን ሠርጉን እንጂ ከሠርጉ በኋላ ያለውን መንግሥት አያይም።

ዋሕድም ተገኝቶ የንጉሡን ዘመድ ያገባል። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ባርያ መፈንገልና መሸጥ በአገሩ ገና አልጠፋም ነበር፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለዚያ ዘመን አንባቢ የዋሕድ መሸጥ ተረት አልነበረም፤ ተረት የሚመስለው መመለሱ ነበረ።