ከሆትስፖቱ ማዶ ያለው ሰው

«ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ይከፍታል፤ ላፕቶፔ ላይ ግን እምቢ አለ።»

ዲላ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ አቤቱታ አዲስ አይደለም። ጠያቂው እገዳ የሚያልፍበትን ቪፒኤን ስልኩ ላይ አብርቷል፤ ከላይ በኩል የቁልፍ ምልክቷ ትታያለች። ሆትስፖቱን ከፍቶ ላፕቶፑን አገናኝቷል። ዳታው ይሠራል፣ ጎግል ይከፈታል፣ የታገደው ነገር ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙው ሰው በላፕቶፑ ወይም በኔትወርኩ ያሳብባል። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም።

ነገሩ ያለው ስልኩ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ እያንዳንዱ አፕ ሲጫን የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቪፒኤን ሲበራ ስልኩ እነዚህ መለያ ያላቸው አፖች የሚልኩት ሁሉ በቪፒኤኑ በኩል እንዲወጣ ያዛል። ቴሌግራሙም፣ ክሮሙም፣ ዩቲዩቡም በዚያ ያልፋሉ። ከላፕቶፑ የሚመጣው ግን ከስልኩ አፖች የአንዱም አይደለም፤ መለያ የለውም። ስልኩ ይቀበለዋል፣ የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሲም ካርዱ መስመር ይለቀዋል። በቪፒኤኑ አጠገብ አለፈ እንጂ በውስጡ አላለፈም። በዩኤስቢ ገመድ ወይም በብሉቱዝ ቢያገናኙትም ያው ነው፤ አይፎንም ቢሆን በዚህ አይለይም። በጌዴኦ ደጋ ዝናብ ሲጥል የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ የያዘ ሰው አጠገቡ የሚሄደውን እንደማያስጠልል፣ የስልክ ቪፒኤንም የሚያስጠልለው ባለቤቱን ብቻ ነው።

እንዲህ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ኔትወርክ በቪፒኤን ስልኩ ላይ የከፈተ ሠራተኛ ካፌ ተቀምጦ ሆትስፖት ቢያጋራ፣ የተገናኘው ሁሉ ቢሮው ውስጥ ይገባ ነበር። ችግሩ ስልኩ ይህንን ለማንም አለመናገሩ ነው። ሰጪው የቁልፏን ምልክት ያያል፤ ተቀባዩ ደግሞ የሰጪውን እርግጠኝነት ያያል።

ከዚህ ሙያ የምፈራው ነገርም እዚሁ ላይ ነው። ያልተከፈተለት ሰው መጥቶ ይጠይቃል። የተከፈተለት ግን አይጠይቅም። ምንም ነገር ባልታገደበት ወር የጓደኛውን ሆትስፖት ይዞ «ቪፒኤን ላይ ነኝ» ብሎ የሚሠራ ሰው ሁሉም ነገር ይከፈትለታል፤ የሚከፈትለት ግን በተራው መንገድ ነው። ላፕቶፑ ላይ ቁልፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ተሸፍኛለሁ ብሎ የሚያምን ያልተሸፈነ ሰው፣ እንዳልተሸፈነ ከሚያውቀው ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ሆትስፖት የሚሰጥ ሰው ሥራው የተሟላ መሆኑን ማየት ያለበት በራሱ ስልክ ሳይሆን በተቀባዩ ስክሪን ላይ ነው እላለሁ።

ብዙዎቻችን ይህን ሥራ በደንብ የተማርነው በ2015 ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶሱ ውዝግብ በተነሣ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ። እገዳው አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሐምሌ ላይ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ቴሌግራም መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ሀንድአውቱ፣ የድሮ ፈተናው፣ የክፍሉ ማስታወቂያ ያለው እዚያ ነው። በዚያው ሐምሌ ደግሞ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊሰጥ ነበር። ለተመራቂው ተማሪ የመዘጋጃው ወራትና የእገዳው ወራት አንድ ሆኑበት። ስልክ ላይ ቪፒኤን መጫኑን ሁሉም በቶሎ ለመደ፤ ጥናቱና የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ያለው ላፕቶፕ ላይ ነው። ወደ ይርጋጨፌ በኩል በቡና ሥራ ላይ ያሉት ሰዎችም ያው ነበሩ፤ ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ የሽያጭ ወረቀት የሚላላኩበት ጊዜ ነበረና።

እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ለይቼ እናገራለሁ። እገዳና መቋረጥ አንድ አይደሉም። ሰኔ 2012 ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔቱ ራሱ በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ የትኛውም ቪፒኤን የሚያደርገው ነገር አልነበረም። በ2009ኙ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሰሞንም እንዲሁ። ቪፒኤን ያለውን መንገድ ይቀይራል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ዳታው ጨርሶ በጠፋበት ቀን «ጠንካራ ቪፒኤን አለኝ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሌላውን እያታለለ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ማጋራቱን መተው ነው። ቪፒኤኑን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ማድረግ ከተቻለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው፤ ሆትስፖቱ ተራ ዳታ ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ራሱን ይሸፍናል። ሳይፈን ለዚህ፣ በተለይ ለብራውዘር፣ ይመቻል። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲትዝን ላብ የወጣ ፕሮግራም ነው፤ የዊንዶውሱ ዓይነት አንድ ትንሽ ፋይል ስለሆነ ሳይጫን በፍላሽ ተይዞ ይሠራል፤ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዞ የአድሚን ፓስወርዱን ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በፍላሽና በዜንደር ከእጅ እጅ የሚዞር ፋይል ሁሉ እንደ ስሙ አይደለም። ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ከፍቼ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የዲጂታል ፊርማው የማን እንደሆነ ሳላይ አላስነሣውም። ፊርማ የሌለውን እሰርዘዋለሁ፤ ባለቤቱ ቢቆጣም።

ይህ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሰውየው የከፈለበት ቪፒኤን ለስልክ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀረው ፕሮክሲ ነው። የእጅ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ከላፕቶፑ የመጣው ጥያቄ መለያ ስለሌለው ከቪፒኤኑ ውጭ ከቀረ፣ መለያ ያለው አንድ አፕ ይቀበለውና በራሱ ስም ይላከው። ኤቭሪ ፕሮክሲ የሚባለውን አፕ ስልኩ ላይ እጭናለሁ። መጀመሪያ ቪፒኤኑን፣ ቀጥሎ ሆትስፖቱን፣ በመጨረሻ ፕሮክሲውን አበራለሁ። አፑ ለኤችቲቲፒ በተለምዶ 8080ን፣ ለሶክስ ደግሞ 1080ን ፖርት ይይዛል። ከዚያ የስልኩ አድራሻ ያስፈልጋል። የቆዩ አንድሮይዶች ሆትስፖት ላይ ባብዛኛው 192.168.43.1 ናቸው፤ አዲሶቹ ግን ቁጥሩን ይለዋውጣሉ። ስለዚህ በቃሌ አልጽፍም፤ ላፕቶፑ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ «አይፒኮንፊግ» ብዬ ዲፎልት ጌትዌይ የሚለውን አነባለሁ። ያ ቁጥር ስልኩ ነው። በዊንዶውሱ ሴቲንግ ኔትወርክ ስር ፕሮክሲ የሚለው ውስጥ ገብቼ አድራሻውንና 8080ን እሞላለሁ።

ብራውዘሩ ወዲያው ይከፍታል፤ ልጁም «ሆነ!» ብሎ ይነሣል። እኔ ግን አልጨረስኩም። የዊንዶውስን ፕሮክሲ የሚታዘዘው ሁሉም ፕሮግራም አይደለም። ክሮምና ኤጅ ይታዘዛሉ። የላፕቶፑ ቴሌግራም የራሱ ሴቲንግ ስላለው እዚያ ውስጥ ሶክስ 5 ብሎ፣ ያንኑ አድራሻና 1080ን መስጠት ይሻላል። ፋየርፎክስ ሶክስ ሲሰጠው የድረገጹን ስም ራሱ እንዳይጠይቅና ለፕሮክሲው እንዲተወው የሚያደርግ ምልክት አለው፤ እሱ ካልተደረገ ገጹ ተደብቆ ሄዶ ስሙ ግን በግልጽ ይወጣል። የቪዲዮ ጥሪ በኤችቲቲፒ ፕሮክሲ በደንብ አያልፍም። የማይታዘዙት ፕሮግራሞች ደግሞ ምንም ሳይሉ በተራው መንገድ ይወጣሉ። ስለዚህ ይህ ሰው ከፊሉ ውስጥ፣ ከፊሉ ውጭ ነው፤ የትኛው የት እንደሆነ መንገር የኔ ግዴታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለቱ አፖች፣ ቪፒኤኑና ፕሮክሲው፣ በተለያየ መንገድ ይሞታሉ። ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚታዩት ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ማጥፋት ይወዳሉ። ፕሮክሲው ቢጠፋ የላፕቶፑ ብራውዘር ምንም አይከፍትም፤ ሰውየው ይናደዳል እንጂ አይጎዳም። ቪፒኤኑ ጠፍቶ ፕሮክሲው ከቀረ ግን ሁሉም ነገር መሥራቱን ይቀጥላል፤ ያለ ሽፋን። ለዚህ መድኃኒቱ፣ በሚሠራበት ስልክ ላይ፣ ሴቲንግ ውስጥ ቪፒኤኑን ሁልጊዜ የሚያበራውና ያለ ቪፒኤን የሚደረግ ግንኙነትን የሚከለክለው ምርጫ ነው። ያ ምርጫ ተራውን ሆትስፖት አይነካም፤ የሚገዛው የስልኩን አፖች ብቻ ነውና። ፕሮክሲው ግን አፕ ስለሆነ ይገዛዋል። ቪፒኤኑ ሲወድቅ ፕሮክሲውም አብሮ ይዘጋል። እሱን ካበራሁ በኋላ ሁለቱንም አፖች ከባትሪ ቁጠባው አወጣቸዋለሁ። ከዚያ ቪፒኤኑን ሆን ብዬ አጠፋውና ላፕቶፑ መቆሙን አያለሁ። ካልቆመ ሥራው አላለቀም።

የመጨረሻው ፈተና አጭር ነው። የአይፒ አድራሻን የሚያሳይ ገጽ በስልኩም በላፕቶፑም ይከፈታል። ስልኩ ሆላንድ ወይም ጀርመን ካለ፣ ላፕቶፑም ያንኑ ማለት አለበት። ላፕቶፑ ኢትዮጵያ ካለ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ሩት የተደረገ፣ ማለትም የውስጥ ሥርዓቱ የተከፈተ፣ ስልክ ላይ የሆትስፖቱን ትራፊክ በሙሉ ወደ ቪፒኤኑ የሚያዞሩ አፖች አሉ፤ ሊኒየጅ ኦኤስ የተባለው ሌላ የአንድሮይድ ዓይነት የተጫነበት ስልክ ደግሞ ለዚሁ ራሱን የቻለ ምርጫ አለው። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ፕሮክሲ መሙላትም አይጠይቅም። በሰው ስልክ ላይ ግን አላደርገውም። ሩት የሆነ ስልክ ላይ የባንክ አፕ እምቢ ሊል ይችላል፤ ዲላ ላይ ቴሌብርና ባንኩን ስልኩ ላይ ለያዘ ነጋዴ ይህ ዋጋ አያወጣም።

ዳታው የማን እንደሆነም አይዘነጋ። ለአንድ አፕ ብቻ ተብሎ የተገዛ ጥቅል ቪፒኤን ሲበራ አይሠራም፤ ኔትወርኩ አፑን መለየት ስለማይችል ከተራው ዳታ ይቆርጣል። ላፕቶፕ ደግሞ ሆትስፖትን እንደ ቤት ዋይፋይ ቆጥሮ የዊንዶውስ አፕዴት መጎተት ይጀምራል። ግንኙነቱን ሜተርድ፣ ማለትም የሚቆጠር ዳታ፣ ማድረግ የጓደኛን ካርድ ማክበር ነው።

ከካርዱ የሚከብደው ግን ያ ቪፒኤን የማን ነው የሚለው ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም የሲሳይሮ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መርምረው ነበር፤ 38 በመቶው የጎጂ ፕሮግራም ምልክት ተገኘባቸው፣ 18 በመቶው ደግሞ ትራፊኩን ጭራሽ አያመሰጥሩም ነበር። ለራሴ ብቻ እንዲህ ያለ አፕ ብጭን ጉዳቱ የኔ ነው። ሳጋራው ግን የጎረቤቴን፣ የተማሪዬን፣ የደንበኛዬን ነገር ባለቤቱን ለማላውቀው ኩባንያ አሳልፌ እየሰጠሁ ነው። ስለዚህ በማላምነው ቪፒኤን ሆትስፖት አልሰጥም፤ ተራ ዳታ እሰጣለሁ፣ ተራ መሆኑንም እናገራለሁ። የሆትስፖቱም ፓስወርድ 12345678 አይሆንም፤ ፕሮክሲው ያለ ፓስወርድ ስለሚያዳምጥ የገባ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ሥራው ሲያልቅ የላፕቶፑን ፕሮክሲ ማጥፋት አለ። ካልጠፋ ልጁ ማታ ሌላ ዋይፋይ ላይ ሲገናኝ አንድም ገጽ አይከፈትለትም፤ ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ስለዚህ ማብራቱንም ማጥፋቱንም ከፊቴ ራሱ እንዲያደርገው አደርጋለሁ፤ አይፒኮንፊጉንም ራሱ ያነባል፣ ሁለቱን ገጾችም ራሱ ያስተያያል። ለእረፍት ቡሌ ወይም ገደብ ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ ለታናሽ እህቱ ሆትስፖት የሚከፍተው እሱ ነው።